የኮክሲዲያ ክትባት መሥራቱ እንዴት ይፈተሻል?

ኮክሲዲያ የዶሮን አንጀት የሚያሳምም ጥቃቅን ጥገኛ ተህዋስ ነው። የተከተቡ ጫጩቶች አለመሞታቸው ብቻውን ክትባቱ ሠራ አያሰኝም፤ በሽታው ቤቱን ረግጦት ላያውቅ ይችላል። መከላከሉ የሚታየው በሽታው ሆን ተብሎ ተሰጥቷቸው፣ ያልተከተቡት ሲታመሙ እነርሱ ሲቋቋሙ ነው። ይህ የእንስሳት ሐኪም ክትትልና ለብቻው የተከለለ ቤት የሚፈልግ ሥራ ነው።

ከአንድ መፈልፈያ የመጡ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ለሦስት ይክፈሉ፦ ተከትበው የሚፈተኑ (ማለትም በሽታው ሆን ተብሎ የሚሰጣቸው)፣ ሳይከተቡ የሚፈተኑ፣ ሳይከተቡም ሳይፈተኑም የሚያድጉ። ሦስተኛውን ምድብ ቦታ ለመቆጠብ የሚተዉ አሉ። እርሱ ከሌለ ግን የሌሎቹ ክብደት ከምን እንደጎደለ አይታወቅም።

መኖው ሞኔንሲን፣ ሳሊኖማይሲን፣ አምፕሮሊየምም ሆነ ሌላ የኮክሲዲያ መድኃኒት አይኑርበት። ክትባቱ ራሱ ሕያው ኮክሲዲያ ስለሆነ መድኃኒቱ ያዳክመዋል ወይም ይገድለዋል። የሻጭ የቃል ማረጋገጫ ለእኔ አይበቃኝም፤ ከአቀነባባሪው በጽሑፍ ይቀበሉ።

አስቸጋሪው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። የክትባቱ መጠን ትንሽ ነው። ኮክሲዲያው በአንጀት ተራብቶ ኦኦሲስት የሚባለው ዘሩ በኩስ ይወጣል፣ ጉዝጓዙ ላይ ይበስላል፣ ጫጩቷም መልሳ ትለቅመዋለች። ይህ አንድ ሳምንት ገደማ የሚፈጅ ዙር ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተደጋገመ መከላከያው አይጠነክርም። ስለዚህ የተከተቡትን ኩሱ ሾልኮ በሚወድቅበት የሽቦ ወለል ላይ ማሳደግ ጥሩ ክትባትን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል። ጉዝጓዙን በእጅዎ ይጨብጡት፦ እንደ ኳስ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፣ እንደ አቧራ ከበነነ ደርቋል፤ ትንሽ ተያይዞ ወዲያው መፈርፈር አለበት።

ያልተከተቡት ደግሞ ከዚሁ ዘር ፈጽሞ መጠበቅ አለባቸው። ኦኦሲስት በጫማ፣ በዝንብና በመኖ ጆንያ ይጓዛል። በረኪና አይበግረውም፤ እንዲያውም ቤተ ሙከራዎች ኦኦሲስቱን ከሌሎች ተህዋስያን የሚያጸዱት በበረኪና አጥበው ነው! ለቤትና ለዕቃ የፈላ ውኃ ወይም እንፋሎት ይሻላል። በየቀኑ መጀመሪያ ያልተከተቡትን ይመግቡ፤ ለእያንዳንዱ ቤትም የራሱ ቦቲ ይኑር። ኩሳቸውን በተጠናከረ የጨው ውኃ አንሳፍፎ በማይክሮስኮፕ ማየት ሳምንታዊ ሥራ ይሁን። ኦኦሲስት ከተገኘ እነርሱም ሳይከተቡ መከላከያ እያዳበሩ ነውና ፈተናው ተበላሽቷል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት እያንዳንዱን ዶሮ መዝነው፣ ለሚፈተኑት ሁለት ምድቦች የበሰለውን ኦኦሲስት በለስላሳ ቱቦ በአፍ ይስጡ። ኦኦሲስቱ እንዳይበላሽ የተቀመጠበት ፖታሲየም ዳይክሮሜት የተባለ ኬሚካል መርዝ ስለሆነ አስቀድሞ በሚገባ ይታጠብ። መጠኑን በጥቂት ጫጩቶች አስቀድመው ይሞክሩ። ኦኦሲስት ቶሎ ይዘቅጣል፤ ሲሪንጁን በሞሉ ቁጥር ጠርሙሱን ካልነቀነቁ የመጀመሪያዋ ጫጩት ውኃ፣ የመጨረሻዋ ዝቃጩን ትጠጣለች። የሚሰጡት የኮክሲዲያ ዝርያ ክትባቱ ውስጥ ያለው መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ኤሜሪያ ቴኔላ የተባለውን ዝርያ የለመደች ዶሮ ኤሜሪያ ማክሲማን አትቋቋምም።

በስድስተኛው ቀን ገደማ እንደገና መዝነው፣ ከየምድቡ አርደው አንጀቱን ይክፈቱ። ቴኔላ ዕውር አንጀትን በደም ይሞላል፤ ኤሜሪያ አሰርቩሊና የተባለው ሌላ ዝርያ የቀጭን አንጀትን መጀመሪያ በነጫጭ አግድም መስመሮች ያዥጎረጉራል፤ ማክሲማ መካከሉ ላይ የደም ነጠብጣብና ብርቱካናማ ልጋግ ይተዋል። ቁስሉ ጆንሰንና ሪድ በ1970 ባወጡት መለኪያ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥብ ሰጪው የዶሮዋን ምድብ አይወቅ።

የቁስሉ ነጥብና ክብደቱ ሲጋጩ እኔ ይበልጥ የማምነው ሚዛኑን ነው፤ የተከተበች ዶሮ መጠነኛ ቁስል እያላት ክብደቷ ደህና ሊጨምር ይችላል። ሳይከተቡ የተፈተኑት ካልታመሙ ግን የተከተቡት የቱንም ያህል ቢወፍሩ ውጤቱ አይያዝም።

ሲያበቃ ሬሳውም ጉዝጓዙም ይቃጠል፤ ለማዳበሪያ ብሎ ለዶሮ አርቢ ጎረቤት መስጠት በሽታውን በጆንያ መላክ ነው።