ቤት የተገጣጠመ የድሮ ሞተር ዳይኖ ላይ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

በገዛ እጅ የተገጣጠመ የድሮ መኪና ሞተር ዳይኖ ላይ (ጎማውን ሮለር ላይ አሽከርክሮ ጉልበት የሚለካ መሣሪያ) ሲወጣ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት አወጣ? ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ለጓደኛ መላክ ደስ ይላል፣ አይካድም። ችግር ለሚፈልግ ሰው ግን ከትልቁ ቁጥር ይልቅ የሚጠቅመው ወረቀቱ ላይ ጉልበቱን በየዙሩ የሚያሳየው መስመር ቅርጽ ነው። የት ላይ ጎበጠ? የት ላይ ተቆረጠ? ቀስ እያለ ወረደ ወይስ ባንዴ ወደቀ?

ከመጀመራችሁ በፊት ሮዳጁን (የአዲስ ሞተር ማለማመጃውን) ጨርሱ። ጠፍጣፋ ታፔት (ካምሻፍቱ የሚገፋው ክፍል) ያለው ሞተር አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ፣ ባጭሩ ካም) ከገባለት፣ መጀመሪያ ሲነሳ በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ላይ 20 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት። ዘይቱም በቂ ዚንክ ያለው ይሁን። ይህን ዘሎ ሙሉ ነዳጅ መርገጥ ካሙን ማስበላት ነው። ልኬቱን ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ማርሽ ውሰዱ፣ ብዙ ጊዜ በአራተኛ። ዘይቱ ሳይሞቅ የተወሰደ ልኬት ሞቆ ከተወሰደው ጋር አይወዳደርም።

ከታች እስከ ላይ ጉልበት የለውም

ቅርጹ ደህና ነው፣ ግን መስመሩ በሙሉ ዝቅ ብሏል። ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጁን የሚመጥነውን ቀዳዳ) ለመቀየር አትቸኩሉ። ሞተሩን አጥፉና አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ድረስ ይርገጥ። እናንተ የአየር ፊልትሮውን አውልቃችሁ በካርቡሬተሩ አፍ ወደ ውስጥ እዩ። አየር የምትከፍተውና የምትዘጋው ክብ ሳህን ቀጥ ብላ ጠርዟ ብቻ መታየት አለበት። በጣም ብዙ ጊዜ ዘንበል ብላ ትገኛለች። ገመዱ ላልቷል፣ ወይም ምንጣፉ ፔዳሉን አግዶታል። ገመዱን ካርቡሬተሩ ጋ በእጅ ስቦ “ይከፍታል” ማለት አይበቃም። ፔዳሉ ጋ የጠፋው እርግጫ እዚያ አይታይም።

ይህ ደህና ከሆነ ወደ ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት ወደሚሰጥበት ጊዜ፣ ሂዱ። ብዙዎቹ የድሮ ሞተሮች ከ3000 እስከ 4000 ዙር ባለው ውስጥ ከ30 እስከ 36 ዲግሪ አጠቃላይ ቅድሚያ (እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት የሚቀድምበትን መጠን) ይፈልጋሉ። ሲለካ ወደ ዲስትሪቡተሩ የሚሄደው የቫኩም ቱቦ ተነቅሎ ይደፈን።

ችግሩ ግን ታይሚንጉ የሚነበብበት የፑሊው ምልክት ራሱ ሊዋሽ መቻሉ ነው። ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ፑሊ በመሃሉ ጎማ ካለው፣ ጎማው ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ይንሸራተታል። ምልክቱም አብሮ ይሄዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጡ። በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ፒስተኑን የሚያስቆም ማገጃ አስገቡ። ሞተሩን በእጅ ቀስ ብላችሁ እስኪነካ አዙሩና ፑሊው ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። በተቃራኒው አዙራችሁ እንደገና እስኪነካ ሂዱና ሌላ ምልክት አድርጉ። ፒስተኑ ጫፍ የሚደርሰው በሁለቱ ምልክቶች ትክክለኛ መሃል ላይ ነው። የድሮው ምልክት እዚያ ካልገጠመ፣ እስካሁን ያስተካከላችሁት ታይሚንግ ሁሉ ግምት ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም ችግር የለም። ፋብሪካ የሚናገረው ሞተሩ ጋ የተለካውን ነው፣ ሮለር የሚያየው ጎማው ጋ የደረሰውን። በካምቢዮና በዲፈረንሻል መሃል 15 በመቶ ገደማ ቢጠፋ አይገርምም። የአሜሪካ መኪኖች ከ1972 በፊት የሚጠቅሱት ቁጥር ደግሞ አብዛኛው ተቀጥላ ዕቃ ሳይገጠም የተለካ ስለሆነ የበለጠ የተጋነነ ነው።

መለኪያው “ነዳጅ አነሰው” ይላል፣ ካንዴላው ግን ጥቁር ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ የአየርና የነዳጅ ድብልቁ 12.5 ወይም 13 አየር ለ1 ነዳጅ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያው 15 ካሳየ፣ ማለትም ነዳጅ አነሰ ካለ፣ ጂግለር ማስፋት ያሰኛል። ቆይ! ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው መለኪያ የሚያሸተው ኦክስጅንን ነው፣ ነዳጅን አይደለም። አንድ ሲሊንደር ካልተቀጣጠለ፣ ያልተቃጠለው አየር ነዳጁን ይዞ ይወጣል። መለኪያውም ኦክስጅኑን አይቶ “ነዳጅ አነሰ” ይላል። እናንተ ነዳጅ ትጨምራላችሁ፣ ካንዴላው ይበልጥ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይበልጥ ይቆራርጣል።

የተቀደደ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮንም (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ያው ነው፣ ከውጭ አየር ይስባል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አስነሱና የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ያዙት። የሚያፏጭ ቦታ ካለ ይሰማል። ማፏጨት ከሌለና ካንዴላው ጥቁር ከሆነ የእሳቱን መስመር ፈትሹ፤ ገመዶቹን፣ የዲስትሪቡተሩን ክዳን፣ ቦቢናውን (የእሳቱን ኮይል)። ካንዴላዎቹ ነጣ ብለው ከወጡ ግን መለኪያው እውነቱን ነው፣ ጂግለሩ ይስፋ።

ላይ ሲደርስ ይቆረጣል

እስከ 4500 ዙር ይጎትታል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ነዳጅ ነው? እሳት ነው? ቫልቭ ነው? ለመለየት አንድ ዘዴ አለ። መጀመሪያ ልኬቱን ከ2000 ዙር ጀምሩ። ቀጥሎ ከ3500 ጀምሩ። የሚቆረጥበት ቦታ ወደ ላይ ከሸሸ ነዳጅ ነው። የካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ነዳጁን ለመጨረስ ጊዜ ይወስድበታል፣ ጊዜው ካጠረ ደግሞ ሞተሩ ከፍ ወዳለ ዙር ይደርሳል። የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ ድገሙት። ከተስተካከለ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ካልሆነ ፊልትሮውንና ፓምፑን እዩ። ብዙ የዌበርና የኤስ ዩ ካርቡሬተሮች 0.2 ባር ገደማ ግፊት ይበቃቸዋል። ግፊቱን ማብዛት ካርቡሬተሩን ያጥለቀልቃል እንጂ አይረዳም።

የሚቆረጠው ሁልጊዜ በአንድ ዙር ላይ ከሆነ እሳት ወይም የቫልቭ ሞላ ነው። መስመሩ የመጋዝ ጥርስ ከመሰለ እሳቱን ተጠራጠሩ። የካንዴላውን ክፍተት ከ0.8 ወደ 0.6 ሚሊሜትር አጥብቡትና ሞክሩ። መቆራረጡ ወደ ላይ ከሸሸ እሳቱ ደካማ ነው። ዲስትሪቡተሩ ውስጥ ያሉትን ፑንቲናና (እሳቱን የሚቆርጥና የሚያገናኝ) ኮንደንሰር ቀይሩ፣ የፑንቲናውን ክፍተትም እንደ ሞተሩ መመሪያ አስተካክሉ። መስመሩ ባንዴ ወድቆ የብረት ድምፅ ከተሰማ ግን የቫልቭ ሞላው እየተሸነፈ ነው። አትድገሙት፣ ቫልቭ ፒስተን ሊመታ ይችላል።

ዙሩ ሽቅብ እየወጣ የሮለሩ ፍጥነት ካልተከተለ ደግሞ ሞተሩን ተዉት። ወይ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል፣ ወይ ጎማው። የተቃጠለ ሽታ ካለ ፍሪሲዮኑ ነው። ጎማው ከጮኸ የማሰሪያ ቀበቶውንና የጎማውን ንፋስ አስተካክሉ።

ነዳጅ ሲረገጥ ለአፍታ ይሞታል

ኤስ ዩ ካርቡሬተር ከሆነ የላይኛውን ክዳን ፈትታችሁ የማርገቢያውን ዘይት እዩ። ብዙ ጊዜ ደርቆ ይገኛል። ፓምፕ ያለው ካርቡሬተር ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ነዳጅ መስጫውን ስትገፉ ነዳጁ ወዲያው መርጨቱን ተመልከቱ።

ይንኳኳል

በጭነት ጊዜ የጠጠር ድምፅ ከተሰማ ወዲያው እግር ይነሳ። ታይሚንጉን 2 ዲግሪ ወደ ኋላ መልሱ፣ የነዳጁን ኦክቴን አረጋግጡ፣ ድብልቁን እዩ። የዳይኖ ማራገቢያ በመንገድ ላይ የሚገኘውን ነፋስ ስለማይተካ፣ በየሙከራው መሃል ሞተሩ ይቀዝቅዝ።

የዘይት ግፊት ሲሞቅ ይወርዳል

የቆየው የጋራዥ ልምድ ለእያንዳንዱ 1000 ዙር 10 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ) ይላል። በሚኒሞ ትንሽ ዝቅ ማለቱ አያስፈራም። በሙሉ ጭነት መርፌው ከወደቀ ግን ያጥፉት። መጀመሪያ የዘይቱን መጠንና ሌላ የሜካኒካል መለኪያ ሞክሩ። ከዚያ የዘይት ፊልትሮውን ቁረጡና ወረቀቱን ዘርጉት። የመዳብ ቀለም ያለው ብናኝ ካለ ብሮንዚናው (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ቀጭን ብረት) እየተበላ ነው፣ ሞተሩ ይውረድ። ማግኔት የሚይዘው ብናኝ ከበዛ የካሙን ክዳን ወይም የታፔቶቹን ክዳን ክፈቱና ካሙን እዩ።