ባኞ ላይ የተጋገረ ኖራና የሳሙና እድፍ እንዴት ይለቃል?

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ባኞ ከመታጠቢያነቱ ይልቅ የሚታወቀው በውሃ ማጠራቀሚያነቱ ነው። ውሃ መጣ ሲባል መጀመሪያ እሱ ይሞላል፤ ከዚያ በጆግ እየተቀዳ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ይዘለቃል። ውሃው ዝቅ ባለ ቁጥር ጎኑ ላይ መስመር ይቀራል። መስመር በመስመር ላይ እየተደረበ ከርሞ፣ ጣት ሲያሳልፉበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ግራጫ ቀበቶ ይሆናል። በየቀኑ ሻወር የሚወሰድበት ባኞ ደግሞ ወለሉ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ይጋገርበታል።

ይህን ስናይ አብዛኞቻችን ቶሎ የምናነሳው በረኪና ነው። ትርፉ ድካም ብቻ ነው። በረኪና ሻጋታ ይገድላል፣ ቀለም ያነጣል፤ ኖራ ግን አያሟሟም። ኖራ የሚፈራው ኮምጣጣ ነገር ነው፦ አቼቶ፣ ሎሚ፣ ሲትሪክ አሲድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በድንጋይ መሃል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ውሃው ሲተን እነሱ ይቀራሉ። ድሬዳዋና መቀሌ መሬቱ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ እዚያ የኖረ ሰው ይህን ከማንቆርቆሪያው ያውቀዋል፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። አዲስ አበባም ቢሆን ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ከሚመጣው የበለጠ ማዕድን ይይዛል። «እዚህ ሰፈር ሳሙና አያረፋም» የሚባለውም ከዚሁ የተነሳ ነው፤ የሳሙናው ስብ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ በውሃ የማይሟሟ ነገር ይሆናል። ባኞው ላይ የሚጋገረው ሰም እሱ ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ይለዩ። አንደኛ፣ እድፉ ምንድን ነው? በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት። ለስለስ ብሎ ጥፍርዎ ሥር ከገባ ሳሙና ነው። ጠንክሮ እምቢ ካለ አንድ ጠብታ አቼቶ ጣል ያድርጉበትና ጠጋ ብለው ይመልከቱ፤ ጥቃቅን አረፋ ከፈላ ኖራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም ተደራርበው ነው የሚገኙት።

ሁለተኛ፣ ባኞው ከምን ተሠራ? ማግኔት ከያዘው ኢናሜል የተቀባ ብረት ነው፤ ካልያዘውና ሲያንኳኩት እንደ ባልዲ ከጮኸ አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ አቼቶን ይችላል፣ መፈተግን ግን አይችልም። የቆየ ኢናሜል የተገላቢጦሽ ነው፤ አሲድ ብዙ ሲቆይበት ወዙን ያጣል፣ ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይብቃው። ገንዳው ወይም ዙሪያው እብነ በረድ ወይም ቴራዞ ከሆነ አቼቶም ሎሚም እንዳያስጠጉ፤ ድንጋዩ ራሱ ከኖራ ዘር ስለሆነ አብሮ ይበላል። ለእሱ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ አንድ ሊትር ነጭ አቼቶ (5 በመቶ የሚለው ይበቃል)፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ስፖንጅ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ሶፍት፣ ፌስታልና የእጅ ጓንት። የድስት ሽቦ እዚያው ኩሽና ይቆይ። አንድ ጊዜ ተከራይቼ በገባሁበት ቤት ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ባኞውን በሽቦ ፈትጎት ነበር፤ ጭረቱ ውስጥ እድፍ እየገባ በሳምንቱ ይጠቁራል። ያንን የሚመልስ ነገር አላገኘሁም።

ቀኑን ሲመርጡ የተጠራቀመው ውሃ የሚያልቅበትንና አዲሱ የሚመጣበትን ያድርጉት፤ ለማለቅለቂያ አምስት ስድስት ባልዲ ይፈጃል። መስኮቱን ይክፈቱ።

መጀመሪያ ሰሙ ይነሳ። ኖራውን ሸፍኖት ስለሚቀመጥ እሱ ሳይለቅ አቼቶው ወደ ታች አይደርስም። አንድ ሲኒ አቼቶ ለብ አድርገው (እንዲፈላ አይደለም፤ እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል) ከአንድ ሲኒ ፈሳሽ ሳሙና ጋር ቀስ ብለው ይቀላቅሉ፤ ከበጠበጡት አረፋ ብቻ ይሆናል። በስፖንጅ ወለሉንና ጎኑን ይቀቡት። አክሪሊክ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይተዉት። አቼቶው ሰሙን ይሰብረዋል፣ ሳሙናው ቅባቱን ይዞት ይወጣል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ይሹት፣ በውሃ ይለቅለቁት።

ቀጥሎ ቀበቶው። ችግሩ ጎኑ ቁልቁል ስለሆነ አቼቶው ሳይሠራ ይወርዳል። መላው ሶፍት ነው። ሶፍቱን እንደ ፋሻ አጥፈው አቼቶ ውስጥ ይንከሩት፣ ጨመቅ አድርገው መስመሩ ላይ ይለጥፉት፤ ራሱ ተጣብቆ ይቀመጣል። እንዳይደርቅ በየአሥር ደቂቃው አቼቶ ጠብ ያድርጉለት። ከ30 ደቂቃ በኋላ አንዱን ጫፍ ገለጥ አድርገው በጥፍርዎ ይሞክሩት፤ እንደ እርጥብ ጠመኔ ከተፈረፈረ ደርሷል። ካልሆነ ሌላ ግማሽ ሰዓት። ኢናሜል ላይ በአንዴ ከማቆየት ይልቅ በ10 ደቂቃ፣ በ10 ደቂቃ እያለቀለቁ ይደጋግሙት። የብዙ ዓመት ኖራ በአንድ ቀን ላይለቅ ይችላል፤ በሳምንቱ መድገም ከመፈተግ ይሻላል።

አቼቶው ካቃተው ሲትሪክ አሲድ ይበረታል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አሟሙተው በዚያው በሶፍት መንገድ ይጠቀሙበት። ሎሚም ይሠራል፤ ግን በሎሚ ዋጋ ባኞ ሙሉ ማጽዳት ቅንጦት ነው። ቡሹ ዙሪያ ላለች ትንሽ ምልክት ግማሽ ሎሚ ትበቃለች።

ቧንቧው ሥር የሚወርደው ቡናማ መስመር ኖራ ሳይሆን ዝገት ነው። በረኪና ያንን ጭራሽ ያጸናዋል። እዚህም ሎሚ ወይም ሲትሪክ አሲድ።

ለቧንቧው አፍና ለሻወሩ ወንፊት ፌስታል ውስጥ አቼቶ ጨምረው አፉ እስኪጠልቅ በላስቲክ ይሰሩት። ኒኬል ቅብ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ወርቃማ ቅብ ከሆነ ጭራሹን ይተዉት። ሲፈቱት ቀዳዳዎቹን በጥርስ ብሩሹ ይጥረጉ፤ ወደ ጎን ይረጭ የነበረው ሻወር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ያያሉ።

ቤኪንግ ሶዳ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። በትንሽ ውሃ ለውሰው የቀረውን ጥላሸት በስፖንጅ ሹት ሹት ያድርጉት። ከአቼቶ ጋር ደባልቀው ሲፈላ ማየት ደስ ይላል፣ ግን አንዱ ሌላውን ገድሎት የሚቀረው ጨው ያለበት ውሃ ነው።

አሁን ወደ በረኪናው ልመለስ፣ ምክንያቱም ይህ ቀልድ አይደለም። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እኔ ራሴ አንድ ቅዳሜ በረኪና አፍስሼ አልለቅ ሲለኝ ሳላለቀልቅ አቼቶ ደፋሁበት። ጉሮሮዬ ታንቆ ዓይኔ እየነደደ በሩን በርግጄ ወጣሁ፤ ሳሉ እስከ ማታ አልተወኝም። እንዲህ ያለ ሽታ ከመጣ እናጽዳው ሳይሉ ወዲያው ወጥተው ንጹሕ አየር ያግኙ፤ ትንፋሽ ካጠረ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ለሻጋታ በረኪና ካስፈለገ አቼቶው በደንብ ታጥቦ በሌላ ቀን ይሁን። ለአዲስ ሕንፃ ሴራሚክ ማጽጃ የሚሸጠውን ኃይለኛ አሲድም ባኞ ላይ አያፍስሱ፤ ኢናሜሉንም የቧንቧውን ቅብም ይልጠዋል።

ከጸዳ በኋላ እንዳይመለስ፣ ሻወር የሚወስድ ሰው ሲጨርስ የመስታወት መጥረጊያ ላስቲክ አንዴ ቢያሳልፍበት በቂ ነው። ደረቅ ሳሙናውን በፈሳሽ የገላ ሳሙና የቀየረ ቤት ሰሙን ብዙም አያየውም። ባኞው ማጠራቀሚያ ከሆነ ግን ውሃ ሊቀዱ በገቡ ቁጥር፣ ውሃው የለቀቀው ጎን ገና እርጥብ ሳለ፣ በንጹሕ ጨርቅ ዙሪያውን አንዴ መጥረግ ነው።