በአኔሲ ሐይቅ ዙሪያ የ40 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ እንዴት ይሮጣል?

አኔሲ ከጄኔቭ ብዙም የማትርቅ የፈረንሳይ ከተማ ናት። ሐይቋ ከባሕር ጠለል በላይ 447 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዙሪያውን ሰምኖ፣ ቱርኔትና ቬሪዬ የሚባሉ ተራሮች ከበውታል። ማክሲ ሬስ የተባለው ውድድር የሚካሄደው እዚህ ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የትሬይል (የተራራና የጥርጊያ መንገድ ሩጫ) ሻምፒዮናም እዚሁ ተደርጓል፤ ያኔ ርቀቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ለተራራ አዲስ ከሆናችሁ ግን በ40 ኪሎ ሜትር ጀምሩ። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩ

ተራራ ላይ ኪሎ ሜትር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። እያንዳንዱን 100 ሜትር አቀበት እንደ 1 ኪሎ ሜትር ሜዳ ቁጠሩት። 40 ኪሎ ሜትር ከ2,500 ሜትር አቀበት ጋር ከሆነ 65 ማለት ነው። አስፋልት ላይ ማራቶንን በ4 ሰዓት የሚጨርስ ሰው እዚህ 7 ወይም 8 ሰዓት ይያዝ። ከዚያ በየጣቢያው ያለውን የሰዓት ገደብ ከራሳችሁ ሂሳብ ጋር አስተያዩ።

ቁልቁለቱን ተለማመዱ

ብዙ ሰው ዳገት ብቻ ይለማመድና ቁልቁለቱ ላይ ይሰበራል። ስትወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ለዚህ ያልተዘጋጀ እግር ከ25ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ደግነቱ ጡንቻ ቶሎ ይማራል። አንድ ጊዜ በደንብ ከታመመ በኋላ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ያን ያህል አይታመምም።

ከ3 ወር በፊት ጀምራችሁ በሳምንት አንድ ቀን ለቁልቁለት መድቡ። መጀመሪያ ለስለስ ያለ መንገድ ምረጡ፤ ቀስ በቀስ ድንጋይና ሥር ወዳለበት ሂዱ። እርምጃችሁ አጭርና ፈጣን ይሁን። ወደ ኋላ አትንጋለሉ፣ ተረከዝ ይንሸራተታል። ዓይናችሁን ከጫማችሁ ላይ አንሱና ሦስት አራት እርምጃ ወደፊት እዩ። እጃችሁን እንደ ክንፍ ዘርጋ አድርጉት። ከባዱን የቁልቁለት ልምምድ ውድድሩ 2 ሳምንት ሲቀረው አቁሙ።

እንጦጦ ላይ የምትለማመዱ ከሆነ ሳንባችሁ ከአኔሲ ከፍታ ጋር ችግር የለበትም። ጭናችሁን ግን ከፍታ መልመድ አያድነውም። የእንጦጦን ቁልቁለት እየተራመዳችሁ አትውረዱት፣ ሩጡት።

ዳገት ላይ ተራመዱ

ነውር የለውም፤ ጎበዞቹም ቀጥ ያለው ላይ ይራመዳሉ። እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ግፉ፣ ወይም ዱላ ያዙ። አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ በጣም ፈጥናችኋል።

ሳይርባችሁ ብሉ

በሰዓት 60 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አስቡ። በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ውሰዱ፤ ሰዓታችሁ ላይ ማስጠንቀቂያ ሙሉ። ጀል (በትንሽ ከረጢት የሚመጣ ወፍራም ጣፋጭ የኃይል ምግብ) የማይስማማው ሰው ተምርና ሙዝ ይሞክር። በሶ በጥብጦ በጠርሙስ መያዝም ያስኬዳል፣ ልምምድ ላይ ሆዳችሁ ከተቀበለው ማለት ነው። በውድድሩ ቀን አዲስ ነገር አትቅመሱ።

ወረቀትና ዕቃ

ፈረንሳይ ውስጥ ለሩጫ ስትመዘገቡ ፔ ፔ ኤስ የሚባል በኢንተርኔት የሚሞላ የጤና ማረጋገጫ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ለመጨረሻ ቀን አታቆዩት። የግዴታ ዕቃ በየውድድሩ ይለያያል። የዝናብ ጃኬት፣ ፊሽካ፣ ሙቀት የሚይዝ ቀጭን ብርድ ልብስ፣ ውሃና ቻርጅ የተደረገ ስልክ ግን ባይጠየቁም ያዙ። ታች ሐይቁ ዳር በካናቴራ የሚያስኬድ ፀሐይ እያለ ላይ ብርድና ጉም ሊኖር ይችላል። የአደጋ ጥሪ ቁጥሩ 112 ነው።

የውድድሩ ቀን

መጀመሪያው ላይ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ተዉት ይሂድ። መንገዳችሁ ኮል ደ ላ ፎርክላ በሚባለው የተራራ ማለፊያ በኩል ከሆነ ፓራግላይደሮች (በጨርቅ ክንፍ የሚበሩ ሰዎች) ሲነሱ ታያላችሁ፤ ቀና ብላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቁሙና እዩ፣ እየሮጣችሁ አይሆንም።

መንገዳችሁ በቬሪዬ በኩል ወደ አኔሲ የሚመለስ ከሆነ እዚያ ተጠንቀቁ። ሞን ባሮን የሚባለው የተራራ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ከተማዋና ሐይቁ እግራችሁ ሥር ይታያሉ። ያለቀ ይመስላል። ገና 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ይቀራል፤ ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከመውረዳችሁ በፊት ቁማችሁ አንድ ነገር ጉረሱ፣ ጠጡ፣ የጫማችሁን ማሰሪያ አጥብቁ። ላላ ያለ ጫማ ከዚህ እስከ ታች የአውራ ጣት ጥፍር ያስከፍላል።

ስትጨርሱ ወዲያው አትቀመጡ። ጫማ አውልቁና ሐይቁ ውስጥ እስከ ጭናችሁ ግቡ።