ሲደገፍ የሚችለው፣ ሲጋጭ የሚላቀቀው፦ የፋይበር ግላስ ጀልባ ችግርና መፍትሄ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚመላለሱ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች ወደቡን ተደግፈው ይውላሉ። ምንም አይሆኑም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ጣና ሲናወጥ ግን ጎናቸው ከድንጋዩ ጋር አንዴ ይላተማል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ምልክት፦ ከውጭ ቀዳዳ የለም፣ ከውስጥ ግን ነጣ ያለ ጥላ ይታያል

ጥላውን በሳንቲም ኳ ኳ አድርጉት። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የተላቀቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ድምፁ የሚለወጥበትን ድንበር በእስክሪብቶ አክብቡት። ብዙ ጊዜ ክቡ ከጥላው ይሰፋል።

ምክንያቱ፦ ፋይበር ግላስ ድርብርብ ነው። በንብርብሮቹ ውስጥ የመስታወት ክር አለ፤ በመካከላቸው ያለው ግን ሬዚን (ክሩን የሚያጣብቀው ፕላስቲክ) ብቻ ነው። ስንጥቅ የሚሾልከውም በዚያ ነው።

ፍጥነት ሲጨምር ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛው ጉልበቱ ነው፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው የሬዚኑ ጠባይ ነው፤ ይሄኛው ይረሳል። ጧፍ ቀስ ብላችሁ ብታጎብጡት ይታጠፋል፣ ድንገት ከሆነ ቀጭ ይላል። ሬዚንም በስንጥቁ ጫፍ ላይ ተለጥጦ ጉልበቱን ለመዋጥ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ ካላገኘ ስንጥቁ በትንሽ ጉልበት ይሮጣል። የመስታወቱ ክር ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በፍጥነት ሲሳብ ይጠነክራል። ስለዚህ ውጩ ሳይቀደድ ውስጡ ይላቀቃል።

ሬዚን ሁሉ ግን እኩል አይደለም። እንደ ፒክ (PEEK) ያሉ፣ በሬዚን ቦታ የሚገቡ የሚለጠጡ ፕላስቲኮች በዝግታ ብዙ ስለሚውጡ፣ በፍጥነት የሚያጡትም ብዙ ሊሆን ይችላል። ተራው የጀልባ ሬዚን፣ ፖሊስተር፣ ከመጀመሪያውም ተሰባሪ ስለሆነ የሚያጣው ያን ያህል አይደለም። ለእኛ ጀልባዎች ዋናው ጠላት ጉልበቱ ነው ባይ ነኝ።

መፍትሄው፦ ከላይ ሬዚን መቀባት ምንም አይፈይድም፤ እባካችሁ ተዉት። የተላቀቀውን በግራይንደር አንሱት። ጠርዙን የውፍረቱን 12 እጥፍ ያህል አስፍታችሁ አስልሉት፤ 5 ሚሊሜትር ከሆነ በየጎኑ 60 ሚሊሜትር። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ አዲስ ንብርብር አልብሱት። ያረጀ ፖሊስተር ላይ ኢፖክሲ የተባለው ሬዚን የተሻለ ይይዛል። ሃርድነሩን (ሬዚኑን የሚያጠነክረውን ውህድ) አምራቹ ባለው ልክ ብቻ ጨምሩ፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማብዛት ሥራውን ያበላሻል።

ወደቡ ላይ ያረጀ የመኪና ጎማ ማንጠልጠልም ትልቅ ነገር ነው። ጀልባው የሚቆምበትን ጊዜ ስለሚያስረዝም ግፊቱ ይቀንሳል።

ምልክት፦ ላብራቶሪው ጥሩ ቁጥር ሰጠ፣ ሐይቁ ላይ ግን ተላቀቀ

ይህ ክፍል የፋይበር ግላስ ናሙና ለሚፈትኑ ተማሪዎች ነው። ንብርብሮች መላቀቅን ምን ያህል እንደሚቋቋሙ በሚለካው የፍተሻ መመዘኛ፣ በኤኤስቲኤም ዲ5528 (ASTM D5528) መሠረት፣ የናሙናው ሁለት ክንዶች የሚከፈቱት በተለምዶ በደቂቃ ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው። በሰከንድ 1 ሜትር የሚመጣ ግጭት በደቂቃ 60,000 ሚሊሜትር ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ቁጥር መዳኘት አይቻልም። ፍጥነቱን በየጊዜው አሥር እጥፍ እየጨመራችሁ ፈትኑ። ከውጤቱ ጎን ሁልጊዜ ፍጥነቱን ጻፉ፤ ፍጥነቱ ያልተጻፈበት ውጤት ለዲዛይን አይሆንም።

የኃይሉ ግራፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነስ? ስንጥቁ እየቆመ እየዘለለ ነው። አማካዩን አትውሰዱ። ስንጥቁ የተነሳበትንና የቆመበትን ዋጋ ለየብቻ መዝግቡ።

ስንጥቁ በረዘመ ቁጥር ውጤቱ ከፍ እያለ ከሄደ፣ ክሮች ክፍተቱን እንደ ድልድይ ይዘውታል ማለት ነው። ሬዚኑ አልተሻሻለም። ለዲዛይን የመነሻውን ዋጋ ያዙ።

በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ ደግሞ የኃይል መለኪያው ንባብ ይርገበገባል፤ የክንዶቹ የራሳቸው ክብደት ስለሚገባበት ነው። ያኔ ኃይሉን ትታችሁ በፈጣን ካሜራ የክፍተቱን ስፋትና የስንጥቁን ርዝመት ለኩ። የክንዱን ግትርነት ቀድማችሁ ካወቃችሁ ውጤቱን ከእነዚህ ማስላት ይቻላል።