ፕሮሰሰር ወይስ ግራፊክስ ካርድ? ብር ከማውጣታችሁ በፊት ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ሆኖ ጌም የሚጫወት ሰው ዕቃ የሚያስመጣው ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣን ካርድ «አልሆነኝም፣ ቀይሩልኝ» ማለት ከባድ ነው። በዚያ ላይ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ አይቀመስም። አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው መሳሳት የለበትም።

ሳይለኩ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አንዱ ጓደኛ «ካርድ ይቅደም» ይላል፣ ሌላው «ፕሮሰሰርህ አርጅቷል» ይላል። ሁለቱም ኮምፒውተራችሁን አልፈተሹትም።

ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ በተከታታይ ከሚታዩት ምስሎች እያንዳንዱን፣ ያዘጋጃል። ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ የት እንዳረፈ ያሰላል። ካርዱ ደግሞ ይስለዋል። ጥያቄው ማን ማንን እያስጠበቀ ነው የሚለው ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ያሳያችኋል። የምትጫወቱትን ጌም ክፈቱና ቁጥሩን እዩ። የካርዱ አጠቃቀም ከ95 እስከ 99 በመቶ ላይ ከቆመ ካርዱ አቅሙን ጨርሷል። ፕሮሰሰር ብትቀይሩ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ብዙም አይጨምርም። ካርዱ 60 በመቶ ላይ ሆኖ ፍሬሙ ከወረደ ግን ካርዱ ሥራ አጥቶ ነው። የሚያስጠብቀውም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው።

ከመለካታችሁ በፊት ቪሲንክን (ፍሬሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን ሴቲንግ) እና የፍሬም ገደብን አጥፉ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። 60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል በሚቀይር ሞኒተር ላይ፣ ቪሲንክ ከበራ ፍሬሙ ከ60 አያልፍም፤ ጠንካራ ካርድ ከሆነም ግማሽ አቅሙን ብቻ እየተጠቀመ ይታያል። ያንን አይቶ ፕሮሰሰር የሚያዝ አለ።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ሪዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 አውርዱ። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ የያዛችሁ ካርዱ ነው። ንቅንቅ ካላለ ፕሮሰሰሩ ነው።

በፕሮሰሰሩ አማካይ ቁጥር መታለል

የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይ «40 በመቶ» አይቶ «ፕሮሰሰሬ ገና ይቀረዋል» ማለት ያሳስታል። ጌም ሥራውን በሁሉም ኮሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ በሚከፋፈሉት ክፍሎች) ላይ እኩል አያካፍልም። አንዱ ኮር ሞልቶ ሌሎቹ ሊያርፉ ይችላሉ፤ አማካዩ ግን ዝቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ እኔ ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ይልቅ የካርዱን ቁጥር አምናለሁ።

በሌላ ሰው ጌም መወሰን

ቫሎራንት ወይም ካውንተር ስትራይክ 2 በዝቅተኛ ሴቲንግ የሚጫወት ሰው፣ ሥዕሉ ለካርዱ ስለሚቀልለው፣ ፕሮሰሰር ሊጠቅመው ይችላል። ሳይበርፐንክ 2077ን አሳምሮ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ካርድ ይሻለዋል።

ማዘርቦርዱን መርሳት

ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚገጠምበት ቦታ) ስለገጠመ ብቻ ፕሮሰሰሩ ይሠራል ማለት አይደለም። የኢንቴል 7ኛ እና 8ኛ ጄኔሬሽን የሶኬታቸው ስም አንድ ነው፣ 1151። ሆኖም ለ7ኛው የተሠራ ማዘርቦርድ 8ኛውን አይቀበልም። ከፕሮሰሰሩ ጋር ማዘርቦርድ መግዛት ግድ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ኤኤምዲ ላይ ዕድል አለ። ቢ450 ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5 2600 ያለው ሰው ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የማዘርቦርዱን ፕሮግራም) አድሶ ራይዘን 5 5600 መግጠም ይችላል። ባዮሱ የሚታደሰው አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ነው። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ይችላል። የእኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌላችሁ ከሰው ተዋሱ።

ከቢሮ በወጣ ኮምፒውተር ላይ ትልቅ ካርድ ማሰብ

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊና ፔዳ ግቢዎች አካባቢ ተማሪ የሚገዛው ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ጥሩ ማሽን ነው። ነገር ግን የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም። ፓወር ሰፕላዩም ከገበያው ዓይነት የተለየ ስለሆነ መቀየሩ ቀላል አይደለም። እንዲህ ላለው ኮምፒውተር የሚሆነው ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ የጂቲኤክስ 1650 ዓይነት ካርድ ነው። ሁሉም 1650 እንዲህ ስላልሆነ ፎቶውን አስልካችሁ እዩ። ኬዙ ቀጭን ከሆነ አጭሩን፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን ጠይቁ።

አቧራውንና ራሙን አለማየት

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት ቀላል አይደለም። የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያረጀም ይመስላል። መጀመሪያ ፋኑን አጽዱ፣ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱን፣ ቀይሩ። ያላችሁ ራም አንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ጨምሩበት። ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር በሁለት መስመር ይሠራል፣ የፍሬሙም መቆራረጥ ሊቀንስ ይችላል። ከዚያ እንደገና ለኩ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ውጤቱ አሁንም ለሁለቱም እኩል የሚያመለክት ከሆነ፣ እኔ ካርዱን አስቀድማለሁ። ካርድ ነገ ሌላ ኮምፒውተር ብትገጣጥሙ ነቅላችሁ ትወስዱታላችሁ። ለአሮጌ ማዘርቦርድ የተገዛ ፕሮሰሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል።