ትዝታ ማይነርንና አምባሰልን በጆሮ መለየት፣ በሙዝስኮር

ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሙቀቱ ስለሚበረታ ትዝታ ማይነርና አምባሰል የተባሉትን ቅኝቶች በጆሮ የመለየት ልምምዱን ማለዳ ያድርጉት፤ በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። መጋላ አካባቢ ከሆኑ የባጃጁ ጩኸት ጆሮ ያታልላል፣ የላፕቶፕ ስፒከርም ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አያወጣም። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ የግድ ነው።

ሙዝስኮር፣ ኖታ መጻፊያና ማጫወቻ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በነፃ ይጫናል። መሣሪያውን ኦርጋን ያድርጉት፤ የፒያኖ ድምፅ ቶሎ ይከስማል። በታችኛው ረድፍ ዶን ለ8 ሜዠር (የምት ክፍል) በታይ፣ ማለትም ኖታን ከኖታ በሚያያይዘው ቅስት፣ አያይዘው ያስረዝሙ። በላይኛው ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይጻፉ፤ ኖታን ፍላት ለማድረግ፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ ለማውረድ፣ የታች ቀስቱን አንዴ መጫን ነው። ይህ ትዝታ ማይነር ነው።

አሁን የታችኛውን ዶ ወደ ሶል ይቀይሩና እነዚያኑ 5 ኖታዎች ከሶል ያስጀምሩ፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። አምባሰል ሆነ! ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኖታውን ይቆጥራል እንጂ ዜማው የሚያርፍበትን ኖታ፣ ማለትም የታችኛውን ረጅም ድምፅ፣ አይሰማም።

ሁልጊዜ መጀመሪያ ያንጎራጉሩ፣ ከዚያ አጫውተው ያመሳክሩ። ላ ፍላት ላይ ድምፅዎ ከኖታው በላይ ከወጣ፣ ቴምፖውን (ፍጥነቱን) ወደ 50 አውርደው ከሶል ወደ ላ ፍላት ያለውን ግማሽ ድምፅ ብቻ 10 ጊዜ ይደጋግሙ።