የድሮ ካሴትን በጥሩ ስፒከር እንዴት እናዳምጥ?

ጥሩ ስፒከርና አምፕሊፋየር ገዝተው የድሮ ካሴታቸውን ሲከፍቱ የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። በትንሿ ቴፕ ያምር የነበረው ዘፈን እዚህ ሲሰማ «ሽሽሽ» ይበዛበታል፤ ድምፃዊው ጆንያ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። በደርግ ዘመን ካሴት ሸክላን ሲተካ በየቤቱ የገባው አብዛኛው ካሴት ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነበር። ጥሩ ዕቃ ይህን አይደብቅም። ግን የሳክስፎኑን ትንፋሽና የቤዝ ጊታሩን ጣት የሚያወጣውም ይኸው ዕቃ ነው። ስለዚህ ውድ ኬብል ከመግዛታችሁ በፊት የሚከተለውን ሞክሩ።

ከክፍሉ ጀምሩ። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ድምፅ ይንጫጫል። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ብዙ ይረዳል። የእንጨት ወለል ባላቸው የፒያሳ የድሮ ቤቶች ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ወለሉ ራሱ ከቤዙ ጋር ይንቀጠቀጣል። እዚያ ስፒከሩን ከባድ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ አስቀምጡት፤ ከግድግዳውም ግማሽ ሜትር ያህል አርቁት።

ቀጥሎ የቴፑን ሄድ (የካሴቱ ክር የሚነካው፣ ድምፁን የሚያነበው ብረት) እና ክሩን የምትጎትተውን ጎማ አልኮል በነካ ጥጥ አጽዱ። አልኮሉ 90 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። 70 ፐርሰንቱ ውሃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። አረቄ አይሆንም።

ዋናው ሥራ የሄዱ አቋም ነው። በሄዱ ፊት ላይ ያለችው፣ በዓይን የማትታይ ቀጭን ስንጥቅ ክሩ ለሚሄድበት አቅጣጫ ልክ 90 ዲግሪ መቆም አለባት። ካሴቱን የቀዳው ቴፕ ሄድ ትንሽ እንኳ ተጋድሞ ከነበረ ዘፈኑም ተጋድሞ ተቀድቷል፤ የእናንተ ቴፕ ደግሞ ቀጥ ያለ ስለሆነ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ያጣቸዋል። የጆንያው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል፤ በኢኳላይዘርም አይድንም።

ከሄዱ ጎን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። የሚነካው ስፕሪንግ ያለበት ብቻ ነው። መጀመሪያ ያለበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ። አምፕሊፋየሩን ሞኖ (ግራና ቀኙ ተደምረው አንድ ድምፅ የሚሆኑበት) አድርጉት፤ ዶልቢ (የክሩን «ሽሽሽ» የሚቀንሰው የቴፑ ማብሪያ) ካለ አጥፉት። ካሴቱ እየዘፈነ ማግኔት በሌለው ትንሽ ካቻቢቴ ብሎኑን በጣም ቀስ ብላችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሩ፤ ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው። ጆሯችሁ ድምፃዊው ላይ ሳይሆን ሲምባሉ (የድራሙ የብረት ሳህን) ላይ ይሁን። አንድ ቦታ ላይ ሲምባሉ በድንገት ይጠራል፣ «ሰ» እና «ሸ» ይለያያሉ፤ ከዚያ ካለፈ እንደገና ይደበዝዛል። የጠራበት ላይ አቁሙ። ሞኖ የሚያስፈልገው ግራና ቀኙ ሲደመሩ ትንሿ መዛነፍ ጎልታ ስለምትሰማ ነው። እኔ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ካሴት ሁሌም በሞኖ ነው የማዳምጠው፤ የክሩም «ሽሽሽ» ይቀንሳል።

ዶልቢን መልሳችሁ የምትከፍቱት ካሴቱ በዶልቢ ከተቀዳ ብቻ ነው። «ሽሽሽ»ውን ለማጥፋት ብሎ መክፈት ሲምባሉን አብሮ ይወስደዋል። ድምፁ አሁንም ጆሮ ከወጋ ትሬብሉን ከመቀነስ ይልቅ ስፒከሮቹን ከእናንተ ወደ ውጭ ትንሽ አዙሯቸው፤ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ቀጥታ መምጣታቸውን ሲያቆሙ ይለሰልሳሉ።

በኮምፒውተር «ሽሽሽ» የሚያጸዱ ፕሮግራሞችን አልወድም። ማሲንቆ ስሙ፦ የደጋኑ የፈረስ ጭራ አውታሩን ሲፈገፍግ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ ከክሩ «ሽሽሽ» ጋር ይመሳሰላል። ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ሁለቱን በደንብ አይለይም፤ ሲያጸዳ ማሲንቆውንም ይልጠዋል። «ሽሽሽ»ውን ግን ጆሮ ከሁለት ዘፈን በኋላ ይለምደዋል።

ወደ ኮምፒውተር ስትቀዱ በመቅጃው ፕሮግራም የጥራት ምርጫ ላይ 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ በቂ ነው። ተራ ካሴት ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ እምብዛም ስለማይይዝ 96 ኪሎኸርዝ መምረጥ ፋይሉን ከማሳበጥ በቀር የሚጨምረው የለም። ያልተነካካውን ቅጂ ለብቻ አስቀምጡ፤ ማስተካከል ካማራችሁ በሌላ ኮፒ ላይ ይሁን። ከዚያ ብሎኑን ወደ ምልክቱ መልሱ፤ ሌላው ካሴት የተቀዳው በሌላ ቴፕ ነውና ለእሱ እንደገና ትፈልጋላችሁ።